የክረምት ውሃ ቤታችሁን ሳይነካ እንዲያልፍ፦ ከአሸንዳ እስከ ፈሰስ

ቤቴ ቱሉ ዲምቱን አለፍ ብሎ ነው። የሠራሁት በበጋ ነው። በበጋ ሁሉም ግቢ ደረቅ ነው፤ ሁሉም ግንበኛ ጎበዝ ነው። ጉዱ የታየው ሐምሌ ሲገባ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ውሃው ደረጃውን ነክቷል። የልጆቹ ነጠላ ጫማ እየተንሳፈፈ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

በማግስቱ ግንበኛ ጠራሁ። ግድግዳውን ተከትሎ ግማሽ ሜትር ቆፈረ፣ ጠጠር ሞላበት፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከላይ የሚታየው ውሃ ጠፋ። እኛም ደስ አለን። በሦስተኛው ወር የመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ለካ ጠጠሩ መውጫ አልነበረውም። ውሃውን ከግቢ አላስወጣነውም፤ መሠረቱ ሥር ጉድጓድ ምሰን አጠራቀምንለት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቆፍሬያለሁ፣ ብዙ ደፍኛለሁ። የገባኝ ነገር አንድ ነው። ውሃን መያዝ ያለብን ጣሪያው ላይና የግቢው በር ላይ ነው። ግድግዳ ሥር ከደረሰ በኋላ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ፦ የቆማችሁበት አፈር ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብና በምሥራቅ፣ በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በለቡ፣ በቦሌ ዳርቻ፣ በብዛት የምታገኙት ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ የምንለው። ወደ እንጦጦ ተዳፋት ስትወጡ ቀይ አፈር ይበዛል። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አይደለም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን እንደ ቀጫጭን ወረቀት የተደራረበ ነው። ውሃው በየወረቀቱ መሃል ይገባና ይገፋዋል። በክረምት ቤቱን ከታች ወደ ላይ ያነሳል፤ በበጋ መልሶ ይለቀዋል። ቤቱ አንድ ላይ ቢነሳና አንድ ላይ ቢወርድ ባልከፋ። ችግሩ አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ሲደርቅ ነው። ግድግዳ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

የእናንተን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የካቲት ላይ ግቢያችሁን ተመልከቱ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካለው ዋልካ ነው። ሌላም መንገድ አለ። አንድ ጭብጥ አፈር አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መሃል እንደ ገመድ አሹት። ቀጭን ሆኖ ሳይበጣጠስ ከተሳበ ሸክላው ብዙ ነው። ከተፈረካከሰ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ላይ ናችሁ፤ ግማሹ ሥራ ቀለለላችሁ።

ሦስተኛው ዓይነት ሙሌት ነው። ከሌላ ግንባታ የተቆፈረ አፈር፣ ስብርባሪ ብሎኬት፣ አንዳንዴም ቆሻሻ የተደፋበት ቦታ። ይህ ውሃ ሲያገኝ ይሰምጣል። ቦታው ድሮ ምን እንደነበር የሰፈሩን ነባር ጠይቁ። እኔን የነገሩኝ እዚሁ ያርሱ የነበሩ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። አጥሩ ላይ ተደግፈው ቁፋሮዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄኮ የማሳው ፈሰስ ነበር። ቤትህን የሠራኸው የውሃው አናት ላይ ነው» አሉኝ። ፈሰስ ገበሬው ከማሳው ውሃ የሚያስወጣበት ቦይ ነው። አባባ ይህን ከመሠረቱ በፊት ነግረውኝ ቢሆን! ግን እኔስ መቼ ጠየቅኳቸው።

አንድ፦ በዝናቡ መሃል ውጡ

ጃንጥላ፣ ቦቲ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ወረቀቱን በፌስታል ሸፍኑት። ዝናቡ ከጀመረ አሥር ደቂቃ በኋላ ግቢውን ዙሩ። ውሃው ከየት ይገባል? የት ይቆማል? በየት ይወጣል? ቤቱን በአራት ማዕዘን ሣሉና መንገዱን በቀስት አሳዩ። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ዙሩ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ከ24 ሰዓት በኋላም የቆመ ውሃ ያለበትን ቦታ አክቡት።

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዘሎም ጠጠር ይገዛል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ስትዞሩ ምንጩን ለዩ። ከራሳችሁ ጣሪያ የሚወርድ አለ። ከመንገድ ወይም ከጎረቤት የሚገባ አለ። ከመሬት ውስጥ የሚመነጭ አለ፤ እሱ ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም ያዣል። አራተኛው የሚያታልለው ነው። ዝናብ ሳይኖርም ግድግዳው ሥር ርጥበት ካለ የራሳችሁ ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። የሮቶውንም መግቢያ ዝጉ። ከዚያ ቆጣሪውን እዩ። የሚዞር ነገር ካለ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ አለ።

ስለ ሮቶ ካነሳን አይቀር፦ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ውሃው ሌሊት ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ የሚዘጋው ኳስ ተበላሽቷል፣ ትርፉ እስኪነጋ ግድግዳው ሥር ይፈሳል። በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በጋም ክረምትም። ይህ ከሐምሌ ዝናብ የባሰ ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ አንዱን ጥግ ብቻ ነው የሚያረጥበው። ኳሱን ቀይሩ፤ የትርፍ ማፍሰሻውንም በቱቦ ከቤቱ አርቁት።

ሁለት፦ ጣሪያው

ቀላል ሂሳብ እንሥራ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ከሆነና አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 3,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ራሱ እግር ሥር ያፈሳል ማለት ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር መሬቱ ላይ የተቦረቦረ መስመር ካያችሁ፣ ውሃው እዚያ ሲሰርጽ ቆይቷል።

አሸንዳ ስታስገጥሙ ተዳፋቱን ለማየት ባለሙያው ሳይወርድ፣ መሰላሉ ላይ እያለ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱበት። መሃል ላይ የሚቆም ውሃ ካለ ያስተካክለው። ለየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ማቀፊያው ብረት ከ1 ሜትር በላይ አይራራቅ። ምክንያቱም የእኛ ዝናብ በረዶ አለው፤ በረዶ የሞላው አሸንዳ ከባድ ነው፣ ይቆለመማል።

ለመውረጃው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ እስከ 80 ካሬ ጣሪያ ይችላል። ጣሪያው ከዚያ ከበለጠ ሁለተኛ መውረጃ ይጨመር። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አድርጉበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል አንዴ ክርኑ ውስጥ ከተወሸቀ ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ዋናው ነገር ቱቦው የት ነው የሚያበቃው? በየሰፈሩ የማየው፣ አሸንዳው በሥርዓት ተሠርቶ ቱቦው ልክ የቤቱ ጥግ ላይ ሲቆም ነው። ከጣሪያው ሁሉ የተሰበሰበው ውሃ በአንድ ነጥብ መሠረቱን ይመታል። ይህ ከነጭራሹ አሸንዳ ካለመኖሩ ይብሳል። ታች ክርን አድርጉና ቢያንስ 2 ሜትር፣ ዋልካ ላይ ከሆናችሁ 3 ሜትር አርቁት፤ ወይም በቀጥታ ከቦዩ ጋር አገናኙት።

ከሽንት ቤት ጉድጓድ ጋር ግን አታገናኙት። «ለጊዜው ነው» ብለው የሚያደርጉት አሉ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጉድጓዱን ይሞላና የውስጡን ይዞ ግቢ ላይ ይወጣል። ዝርዝሩን ለእናንተ ልተወው።

ውሃውን በሮቶ መያዝ ጥሩ ነው። ለልብስ፣ ለጽዳት፣ ለአትክልት ይሆናል። ነገር ግን 2,000 ሊትር ሮቶ በአንድ ከሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ሮቶ መኖሩ ከቦይ አያድንም።

ሦስት፦ መሬቱን ወደ ውጭ ማዘንበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ርካሹም ትልቁም ሥራ ይሄ ነው።

ልኩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው ተነስቶ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች መሬቱ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሊሾ ወይም ኮብልስቶን ከሆነ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በዓይን አትገምቱ። ዓይን ይዋሻል፤ በተለይ አጥሩ ራሱ ከተዘበራረቀ።

የሚያስፈልጋችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ጎማ፣ 10 ሜትር ያህል፣ ሁለት ችካልና ሲባጎ ነው። ጎማውን ውሃ ሙሉት። ውስጡ አረፋ እንዳይቀር ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ይያዝ፣ ሌላው 3 ሜትር ርቆ ችካሉ ላይ። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም በኩል ያለው ከፍታ አንድ ነው። ሁለቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሲባጎውን ወጥሩ። አሁን ከሲባጎው እስከ መሬት በሁለቱም ጫፍ ለኩ። በግድግዳው በኩል 30፣ በችካሉ በኩል 45 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ ልክ ነው። ግድግዳው ጋ 40 ሆኖ ችካሉ ጋ 35 ከሆነ ግቢያችሁ ውሃውን ወደ ቤት እየጋበዘ ነው። የእኔ እንደዚያ ነበር። ከልጄ ጋር ነው የለካነው፤ እሱ ጎማውን በአፉ ሲነፋበት ሁለቴ ከአዲስ ጀመርን።

ለመሙያ አሸዋ አትጠቀሙ። አሸዋ ውሃውን ከላይ ደብቆ ከታች ወደ መሠረቱ ያደርሰዋል። ገረጋንቲ ወይም ጥሩ ቀይ አፈር አምጡ። በአንዴ አትድፉት። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘርጉ፣ ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ በመጠቅጠቂያ ደብድቡት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ዘርጉ። ያልተጠቀጠቀ ሙሌት በመጀመሪያው ክረምት ሰምጦ ተመልሳችሁ ጉድጓድ ላይ ናችሁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ አፈሩ ግድግዳውን እንዳይቀብረው። ከመሬቱ እስከ ቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር የሚታይ መሠረት ይቅር። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እንጨቱ አፈር ከነካ ይበሰብሳል፤ ምስጡም መንገድ ያገኛል። ለጭቃ ቤት ከማዘንበሉ ሌላ ከታች እስከ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር በድንጋይና በሲሚንቶ ማልበስ ይጠቅማል። ጣሪያውም ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ቢል፣ የሚረጨው ዝናብ ልስኑን አይልጠውም።

ግቢው ሁሉ ከመንገዱ በታች ሆኖ ማዘንበያ ያጡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ መፍትሔው አራተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው ላይ ነው።

አራት፦ የቤት ዙሪያ ሊሾ

ዋልካ ላይ ላለ ቤት ይህን እንደ ጌጥ አትዩት። ከግድግዳው ዙሪያ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊሾ ካለ፣ ሥሩ ያለው አፈር በክረምት ቶሎ አይረጥብም፣ በበጋም ቶሎ አይደርቅም። የምንፈልገው ይህን መረጋጋት ነው። አዎ፣ በበጋ ከመጠን በላይ መድረቁም ጠላት ነው።

ሲሠራ ከሥሩ ድንጋይና ገረጋንቲ ይጠቅጠቅ። ከላይ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሁን፤ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። በየ2 ሜትሩ ቆርጣችሁ ክፍተት ተዉ፤ አለዚያ ራሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል። ከግድግዳው ጋር ደግሞ አታጣብቁት። በመሃል አንድ ጣት የምታክል ክፍተት ተዉና በሬንጅ ሙሏት። ሊሾው ከአፈሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ከግድግዳው ጋር ከተያያዘ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ያችን ክፍተት በየዓመቱ ግንቦት ላይ እዩዋት። ሬንጁ ከተላቀቀ ውሃ በቀጥታ የሚገባባት በር ሆነች ማለት ነው።

አምስት፦ ፈሰስ ማውጣት

ገበሬው ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ዋልካ ውሃ ቶሎ እንደማያሰርግለት ስለሚያውቅ ነው። እኛ ግን ኮንክሪት ስላፈሰስን አፈሩ የተለወጠ ይመስለናል።

በግቢያችሁ ሁለት ዓይነት ቦይ መሥራት ትችላላችሁ። አንዱ ክፍት ነው፤ ሌላው የተቀበረ። ዋልካ ላይ የምመርጠው ክፍቱን ነው። ውሃው በዋልካ ውስጥ ሰርጎ እስከ ተቀበረ ቱቦ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በላይ በላዩ ግን ይሮጣል። ስለዚህ በላይ በላዩ ያዙት። ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ጎኑ ገደል ሳይሆን ለጥ ያለ ቦይ አውጡ። በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ሳር ትከሉበት፤ ደሾ ወይም ቬቲቨር ጠርዙን ይይዛል። ቦታ ከሌለ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ ፍርግርግ ብረት ይደረግበት።

ቀይ አፈር ላይ ካላችሁ፣ ወይም ከላይኛው ጎረቤት ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ውሃ ካለ፣ የተቀበረው ይሠራል። ፍሬንች ድሬን ይሉታል። ፈረንሳይ የለችበትም፤ ሄንሪ ፍሌግ ፍሬንች ከሚባል አሜሪካዊ ነው ስሙን ያገኘው። ሰውየው በፈረንጆቹ 1859 ስለ እርሻ መሬት ማንጣፈፍ ጽፎ ነበር። ልጁ ደግሞ ዋሽንግተን የተቀመጠውን የሊንከን ሐውልት የነደፈው ቀራጺ ነው። ወደ ጭቃችን እንመለስ።

አሠራሩ፦ ቦታው ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ በቤቱና በውሃው መሃል ይሁን። ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ። ከመሠረቱ መጨረሻ በታች በፍጹም አይቆፈር፤ መሠረቱን የያዘው አፈር ወደ ጉድጓዱ ሊንሸራተት ይችላል። ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ቆፍሩ፤ ድንገት ቢዘንብ ውሃው ይወጣላችኋል። ለ20 ሜትር ርዝመት ከላይኛው እስከ ታችኛው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ሲባጎ ወጥሩና በየሜትሩ ለኩ።

ከዚያ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ አንጥፉ፤ ኋላ ከላይ ለመጠቅለል ጎንና ጎኑን ትርፍ አድርጉ። የማዳበሪያ ከረጢት የሚያነጥፉ አይቻለሁ፤ ቀዳዳው በጭቃ ቶሎ ይደፈናል። ጨርቁ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፤ 02 የሚባለው ጥሩ ነው፣ አቧራው ታጥቦ። ቀጥሎ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ። ቱቦውን ቀድማችሁ በትሬፓን ብሱት፤ በሁለት መስመር፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ። ቀዳዳው ወደ ታች ጎንና ጎን ይዙር። ብዙ ሰው ወደ ላይ ያዞረዋል፤ «ውሃ ከላይ ነው የሚገባው» ብሎ። ውሃው ግን ጉድጓዱን ከታች ጀምሮ ነው የሚሞላው፤ ቀዳዳው ታች ከሆነ ገና ትንሽ እያለ ይይዘዋል። ከላይ ጠጠር ሙሉ፣ ጨርቁን አጥፉ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር አፈር ሸፍኑ። ለ20 ሜትር 3 ሜትር ኩብ ያህል ጠጠር ይፈጃል።

ዋልካ ላይ ሆናችሁም ይህን መሥራት ግድ ከሆነባችሁ በቤቱ በኩል ያለውን የጉድጓዱን ጎን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑ። ጠጠሩ ውስጥ ያለው ውሃ ተመልሶ ወደ መሠረቱ እንዳይሰርጽ ነው።

ስድስት፦ ውሃው የት ይሄዳል?

ከመቆፈራችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነበር። የእኔ ግንበኛ ያልጠየቀኝም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የመንገድ ዳር ቱቦ ነው። ካለ፣ ወረዳችሁን ጠይቃችሁ አገናኙ፤ የራሳችሁን መውጫ ከቱቦው ወለል ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ቱቦው ሲሞላ ወደናንተ ይመለሳል። እና ያ ቱቦ በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖ ከሆነ የእናንተ ፒቪሲ ምንም አይፈይድም። እኛ ሰፈር ሰኔ ሳይገባ አንድ እሁድ ወጥተን እንጠርገዋለን። ቡና ይፈላል፣ አካፋ ያለው አካፋ ያመጣል።

ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁት። ከጎረቤት ጋር መጣላት ከስንጥቅ በላይ ያስወጣል። ይልቅ ከታች ያሉትን ጎረቤት አነጋግሩና ቦዩን በአጥሩ ጥግ አብራችሁ አሳልፉት። እኔ ከአባባ ጋር እንዲያ አደረግኩ። የድሮውን ፈሰስ መስመር በዱላቸው ጭረው አሳዩኝ፤ እዚያው ላይ አወጣነው። ውሃው ወዲያው ነው የተከተለው።

መውጫ የሌለው ሰው ማስረጊያ ጉድጓድ ያስባል። መጀመሪያ ፈትኑ። 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉና አሳድሩት። በማግስቱ እንደገና ሙሉና ማስመሪያ አቁማችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ እርሱት፤ ጉድጓዱ ኩሬ ነው የሚሆነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቃችሁ ቆፍሩና በድንጋይ ሙሉት። ከሽንት ቤት ጉድጓድም ይራቅ። ከ1 ሜትር በላይ ጥልቀት ላለው ቁፋሮ ጎኑን በእንጨት ደግፉ፤ እርጥብ አፈር ሰው ላይ ሲናድ ጊዜ አይሰጥም።

ሰባት፦ በሩና አጥሩ

በየዳርቻው የተለመደ ነገር አለ። ቤቱ ይሠራል፣ ከዓመታት በኋላ መንገዱ ኮብል ይነጠፍበታል፣ ከፍ ይላል፤ ግቢው ከመንገድ በታች ይሆናል። መኪና የሚያስገባው በር የጎርፍ በር ይሆናል። በሩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ጉብታ ሥሩ፤ መኪና ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ከጉብታው ወዲህ ደግሞ በሩን ሙሉ የሚያቋርጥ ፍርግርግ ያለው ቦይ ይሁን።

አጥራችሁ አፈር የሚደግፍ ከሆነ፣ ማለትም ጎረቤት ከላይ ከሆነ፣ ከታች በኩል በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከጀርባውም ጠጠር። ውሃ የታቆረበት አጥር ይወድቃል፤ የሚወድቀውም በእናንተ በኩል ነው።

ስንጥቁስ?

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ውሃው ሳይራቅ ስንጥቅ መለሰን ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ ስንጥቁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። ትንሽ ጄሶ ስንጥቁን አቋርጦ ለጥፉና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ጄሶው ከተበጠሰ ቤቱ ገና አልተረጋጋም። ጫፎቹ ላይም ምልክት አድርጉ፤ እየረዘመ ከሆነ ይታወቃል።

እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ አያስፈራም። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እንደ ደረጃ ብሎኬቱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ወይም በርና መስኮት አልዘጋ ካለ መሐንዲስ ጥሩ። ግንበኛ አላልኩም። ኮለን (የኮንክሪት ዓምድ) ላይ ወይም ቢም (አግድም ተሸካሚ) ላይ ስንጥቅ ካያችሁም እንደዚያው፣ ያለ ቀጠሮ።

ዛፍም ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ ከቤቱ ቢያንስ ቁመቱን ያህል ይራቅ፤ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ያለውን ርጥበት ይመጥጣል። ነገር ግን ትልቅ ዛፍ ዋልካ ላይ በአንዴ መቁረጥም አደጋ አለው፤ ይጠጣው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀርና ያሳብጠዋል። ባለሙያ ጠይቃችሁ በደረጃ አድርጉት። ጎመኑንና ጤና አዳሙን ከግድግዳው ሥር አንሱት። በየማታው የምታጠጡት መሠረቱን ነው።

መቼ ይሠራ?

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል እንጂ መስከረምም ይዘንባል። ቁፋሮው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። ከመጋቢት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊይዛችሁ ይችላል። አሸንዳና ፍርግርግ መጥረግ ግንቦት ላይ፣ ከዚያም በክረምቱ መሃል በየሁለት ሳምንቱ፤ በረዶ ከዘነበ ደግሞ በዚያው ቀን። ጠጠርና ገረጋንቲ የሚያመጣው ሲኖ ትራክ ሰኔ ላይ እኛ ሰፈር አይገባም። አምና አንዱ በሬ ፊት ለፊት ተቀርቅሮ ሦስት ቀን አደረ። ከነጠጠሩ።